«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ብላ ዝም ብትልስ?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እማዬ 63 ዓመቷ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት፤ አሁን ደግሞ ጉልበቷ አስቸግሯታል። ለጉልበቷ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እየገዛሁላት ትወስዳለች። ባለፈው ሳምንት ክትትል የምታደርግበት ቦታ አንድ ወጣት ተመራማሪ አገኛት። ብዙ በሽታ አብሮ ያለባቸው ሰዎች ሕክምናው ላይ የሚገጥማቸውን ነገር እንደሚያጠና ነገራትና ቤት መጥቶ ሊያነጋግራት ጠየቃት። እሺ ብላለች። ግን አውቃታለሁ፤ ማንም ቢጠይቃት «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው መልሷ። የልጁ ድካም ከንቱ እንዳይቀር አጠገቧ ቁጭ ብዬ እኔ ልመልስላት? ደግሞስ የምትናገረው ሐኪሞቿ ጆሮ ቢደርስ አይቀየሟትም?

የእናቷ ልጅ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ልጄ፣ አትመልሺላቸው። ቡናውን አፍይላቸውና ሌላ ክፍል ግቢ።

ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ለእንዲህ ዓይነት ጥናት ቃለ መጠይቅ አደርግ ነበር። አንድ ቀን ኮዬ ፈጬ አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ስኳር፣ ግፊትና የልብ ሕመም ነበረባቸው። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ሁሉንም እሱ መለሰልኝ። የመድኃኒቱን ስም፣ የቀጠሮውን ቀን፣ አንድም አልሳተም። እሳቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ «ተመስገን፣ ደህና ይዘውኛል» ብቻ ይላሉ። ደብተሬ ሞላ፤ ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

ልጁ ስልክ ተደውሎለት ወጣ አለ። ያኔ «እማማ፣ እስቲ መድኃኒቱን ያሳዩኝ» አልኳቸው። ከራስጌያቸው ጥቁር ፌስታል አወጡና እሽጉን አንድ በአንድ ደረደሩልኝ። ሌላው ሊያልቅ ደርሷል። ውሃ የሚያስወጣው ኪኒን ግን ከግማሽ በላይ አለ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ከቤት በምወጣ ቀን አልውጠውም። ቀጠሮም ይሁን ለቅሶ። ታክሲ ውስጥ ሽንቴ ቢመጣ የት እገባለሁ?» አሉኝ። እግራቸው አብጦ ነበር። ሐኪሙ ደግሞ መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ መጠኑን ጨምሮላቸዋል። ለሐኪሙ ነግረውት እንደሆነ ስጠይቃቸው «ስለ ልቤ ነው የጠየቀኝ፤ ስለ ታክሲው ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ያ ወጣት የሚፈልገው ይህንን ነው።

ቁጥር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የስኮትላንድ ጥናት 1.75 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መዝገብ አይቷል። ድሃ ሰፈር የሚኖሩት ደህና ኑሮ ካላቸው ሰዎች 10 እስከ 15 ዓመት ቀድመው በሽታ ይደራረብባቸዋል። ትልቅ ግኝት ነው። ግን መዝገብ የታክሲውን ነገር አያውቅም። ካርል ሜይ፣ ቪክቶር ሞንቶሪና ፍራንሲስ ሜር የተባሉ ሐኪሞችና ተመራማሪዎችም በ2009 እ.ኤ.አ. ሕክምናው ራሱ ሸክም እንደሚሆን ጽፈው፣ የበሽተኛውን ኑሮ በማያናጋ መንገድ እንዲሰጥ ጠይቀዋል። የእናትሽ ካርድ ላይ «ስኳር፣ ግፊት» ተብሎ ይጻፋል። ጉልበታቸውን ይዘው አራት ፎቅ መውረዳቸው፣ ለምርመራ ደም ሊሰጡ ሲሄዱ በባዶ ሆዳቸው ታክሲ መሰለፋቸው የት ይጻፋል?

ስለዚህ ተመራማሪውን ልጅ በር ላይ ቀድመሽ አግኚው። «ሕክምናው እንዴት ነው?» ብሎ አይጀምር። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ተመስገን ነው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነው የምለው። «ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ ምን ምን አደረጉ?» ይበላቸው። ነጭ ጋዋንም ለብሶ እንዳይመጣ። የእናትሽን የመድኃኒት ፌስታልና የቀጠሮ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪላቸው፤ ወሬው ከዚያ ይመጣል። ዝም ካሉም አትግቢ፣ ይቆይላቸው። አንቺም መድኃኒት ገዢዋ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠያቂዋ ነሽ፤ የምትናገሪው አይጠፋም። ከፈለገ ለብቻሽ ያነጋግርሽ።

ስለ ሐኪሞቹ መስጋትሽ ተገቢ ነው። ልጁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀለት ደብዳቤ ሊኖረው ይገባል፤ አሳየኝ በይው፣ አትፈሪ። የስምምነት ቅጹን ለእናትሽ ቀስ ብሎ ያንብብላቸው። መቅረጫው ሳይስማሙ አይከፈትም። ያልፈለጉትን ጥያቄ ማለፍ፣ መሃል ላይ «በቃኝ» ማለት ይችላሉ፤ በዚህ የተነሣ ክትትላቸው ሊጓደል አይገባም። ድምፁን ማን እንደሚሰማው፣ ስማቸው ከወረቀቱ ላይ እንዴት እንደሚወጣ ጠይቂው። እዚያው የሚያክማቸው ሰው ይሰማዋል ካለሽ ግን እኔ ብሆን እምቢ እላለሁ።

አንድ ነገር ጥናቱን አይጠብቅ። ዲክሎፌናክ ደም ግፊት ይጨምራል፤ ኩላሊትም ይጎዳል። ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው ኩላሊት ደግሞ ቀድሞውንም ተጋላጭ ነው። የግፊት ሐኪማቸው ይህን ኪኒን እንደሚወስዱ ያውቃል? እኔ እንደማያውቅ ነው የሚታየኝ፣ ከእሱ ሳይሆን ከፋርማሲ ነዋ የምትገዢው። ቀጠሯቸው ሩቅ ከሆነ ሳትጠብቂ በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቁ። ፌስታሉን እንዳለ ያዙ፤ የጉልበቱንም ኪኒን አብራችሁ ክተቱ።