ልጆቹ ዝም ቢሉኝስ?

ባለፈው እሑድ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ቡና ስንጠጣ፣ እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች የወዳጄ ልጅ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች፤ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ዓመት በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር በነፃ እንግሊዝኛ ልታስተምር ነው። ክትባቱንም ወረቀቷንም ጨርሳለች። «ጋሼ፣ የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው» አለችኝ። «ጥያቄ ስጠይቃቸው ልጆቹ ዝም ቢሉኝስ?»

የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ቡናው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ያን ቀን ያልመለስኩላትን፣ ለእሷም እንደ እሷ ለመሄድ ለምታስቡ ሁሉ ዛሬ ልጻፈው።

በ1963 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። በዚያ ዘመን ዲግሪ ከመያዛችን በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ግዴታችን ነበር፤ አብዛኞቻችን የምንላከው ለመምህርነት ነው። የእኔ ምድብ ጋሞ ጎፋ ሆነ። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነሥተን የጨንቻን ዳገት ስንወጣ ጉሙ ዋጠን። ከጨንቻ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ድረስ በእግር ነው፤ በእንሰቱና በቀርከሃው መሀል፣ ጭቃው ጫማ እያወለቀ።

ከአገሬው ቋንቋ ከጋሞኛ አንዲት ቃል አልችልም ነበር። ያሳሰበኝም አልነበረም። እስከ 6ኛ ክፍል ማስተማሪያው አማርኛ ነው፤ እኔ ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ነኝ፤ በቃ። የፖሊሱና የጸሐፊው ልጆች አማርኛውን ያንበለብሉታል። ከተራራው የሚወርዱት ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ሰነፎች መሰሉኝ።

መስቀል ባለፈ ሳምንት ነው። 4ኛ ክፍል ሂሳብ እያስተማርኩ፣ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ወደሚቀመጥ አንድ ልጅ ጠቆምኩ። «ስምንት ጊዜ አሥራ ሁለት ስንት ነው?» ተነሣ። ዝም አለ። ደገምኩለት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። «ምነው፣ ዲዳ ነህ እንዴ?» አልኩት። የጸሐፊው ልጅ ሳቀ፤ ከዚያ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አላስቆምኳቸውም። እንዲያውም ፈገግ ብዬ ነበር። ልጁ ሳልፈቅድለት ተቀመጠ፤ ለዚያም ሌላ ቁጣ ጨመርኩበት።

ከዚያ ወዲያ ስሙ «ዲዳው» ሆነ። በማግስቱ መጣ፣ በሦስተኛው ቀን ቀረ። ሁለት ሳምንት ጠብቄ ስም መጥሪያው ላይ በቀይ ቀለም ሰረዝኩት።

በጥር የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ «የኔታ፣ የዚያን ልጅ እናት ሰላም በሏት እንጂ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። እናቱ ትኩስ ቆጮ አቀረበችልኝ። እሷ ትናገራለች፣ እሳቸው ያስተረጉማሉ። ለካ አባትየው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። የጋሞ ሸማኔ የትም ይሥራ የት ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ልጁም በዓሉ አልፎ አባቱ ሲመለስ «ትምህርት አልሆነኝም» ብሎ ተከትሎት ሄዷል። ደብተሩን ከግድግዳው ስንጥቅ አውጥታ ሰጠችኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ያን ቀን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ሁሉ ተገልብጧል፤ ከሥሩ 96 ይላል። በአማርኛ ሊያወጣው አቃተው እንጂ ያውቀው ነበር። ከሕፃንነቱ የአባቱን ድር ክር በክር ሲቆጥር ያደገ ልጅ ነው።

ክረምት ላይ አዲስ አበባ ስመለስ አጠያይቄ ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ቤቱን አሳዩኝ። ዝናብ ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሎ የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማል። ብዙ ቆሜ ሳልገባ ተመለስኩ። ምን እንደምለው ቸግሮኝ ነበር። ይቅርታ ማለት እንደሚበቃ የገባኝ ስንት ዓመት ቆይቶ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሰፈሩም ሰዎቹም ተለዋውጠው ነበር።

ይበልጥ የሚቆጨኝ፣ ምሳሌው በዓይኔ ፊት ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ አንድ የሰላም ጓድ፣ ማለትም ፒስ ኮር የሚባለው የአሜሪካ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የላከው አሜሪካዊ፣ አስተምሮኛል። የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓዶች በ1955 ዓ.ም. መግቢያ ሲመጡ ከ270 በላይ ነበሩ፤ እዚሁ ዋሽንግተን ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ተምረው ነው የሄዱት። የእኛው መምህር «ጠ»ን «ተ» እያለ እናስተካክለው ነበር፤ ቀይ ሆኖ ይደግማታል። እሱን ያረመ ተማሪ በእንግሊዝኛ ለመሳሳት አይፈራም ነበር። እኔ ግን የገዛ አገሬ ነው ብዬ ባዶ አፌን ሄድኩ። ዓመቱ ሲያልቅ ታሙ ማለት አሥር መሆኑን አውቅ ነበር፤ ከዚያ ብዙም አልዘለልኩም።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ሕፃናቱ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይጀምራሉ። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ባንድ ያጣመረ መማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ የወላይታ ከተማ ሶዶ ላይ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ አስቀርቶታል። የመማሪያ ቋንቋ ለዚያ አገር ሰው ቀላል ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። እናንተም ከቤተሰብ የለቀማችሁትን አማርኛ ይዛችሁ ስትሄዱ አገሬን አውቀዋለሁ አትበሉ። ለብዙዎቹ ልጆች አማርኛችሁም እንግሊዝኛችሁም የእንግዳ ቋንቋ ነው።

መጽሐፍ በሻንጣ አትጫኑ። እዚህ የተረፈ የተረት መጽሐፍ እዚያ መደርደሪያ ያሞቃል እንጂ አይነበብም። ስልካችሁንም ለመጀመሪያው ወር ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት፤ የልጅ ስም ሳያውቁ ከልጅ ጋር ፎቶ መነሣት ያናድደኛል፤ የዛሬ ወጣቶች ደግሞ ይህን ታበዛላችሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ እናንተ ከመሄዳችሁ በፊት ትጠይቃላችሁ። እኛ የጠየቅነው ስለ ደመወዝና ስለ ትራንስፖርት ብቻ ነው። ስለ መጽሐፉም ቢሆን፣ አንድ ጥሩ መዝገበ ቃላት ለክፍሉ ብትወስዱ አልቃወምም።

አንቺ ልጄ፣ ዝም ካሉሽ አታስነሺያቸው። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፊና መልሱን በደብተራቸው ይጻፉ፤ በመሀላቸው እየዞርሽ እዪ። ስም መጥሪያውን በእርሳስ ያዢ። የቀረ ልጅ ካለ ጥርን አትጠብቂ፤ የሚያስተረጉምልሽ ሰው ይዘሽ ያንኑ ሳምንት ቤቱ ሂጂ።