መልስ፦ ትሪያዶባትራከስ በአንድ ድንጋይ ብቻ የእንቁራሪት ዘመድ መሆኑ እንዴት ታወቀ?

ትሪያዶባትራከስ ከሰሜን ማዳጋስካር የተገኘ፣ 250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረና ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ፍጥረት ነው። አጥንቱ ሟሙቶ ጠፍቷል፤ ድንጋዩ ውስጥ የቀረው ቅርጹ ነው። የራስ ቅሉና ወደ ፊት የረዘመው የዳሌ አጥንቱ የእንቁራሪት ናቸው። ከዳሌው ፊት ግን 14 አከርካሪዎች አሉት፤ የዛሬዎቹ እንቁራሪቶች ግን ከ9 አይበልጡም። አጭር ጭራም ነበረው። የባቱ ሁለት አጥንቶች ስላልተጣበቁ እንደ ዛሬዎቹ ይዘል ነበር ማለት ይከብዳል። የአፍንጫው ጫፍና የእግሮቹ ጫፎች ስለጠፉ ሥዕል ላይ የምታያቸው ጣቶች ግምት ናቸው።

በጥያቄህ ጅማ ውስጥ አዌቱ ወንዝ ዳር አገኘሁት ስላልከው «የእንቁራሪት ድንጋይ» ብዙም ተስፋ አልሰጥህም። የጅማ አለት በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ ቀልጦ በፈሰሰ አለት ውስጥ እንዲህ ያለ ስስ አጥንት አይተርፍም። ለማንኛውም በመዶሻ አትምታው። ከተሰነጠቀም ሁለቱንም ግማሽ አስቀምጥ፤ የጀርባው ቅርጽ በአንዱ፣ የሆዱ በሌላው ሊቀር ይችላል።