ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሪፖርት ዲዛይን ስንት ይጠየቃል? ከዋጋው በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች

የአንድ ግራፊክ ዲዛይነር ጥያቄ ባጭሩ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አገር በቀል ድርጅት 42 ገጽ ዓመታዊ ሪፖርት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ አንድ ሮል አፕ ባነር (ተጠቅልሎ የሚቆም)ና ሦስት እጥፍ ብሮሸር ይፈልጋል። ሪፖርቱ 500 ኮፒ ይታተማል። «በጎ አድራጎት ስለሆነ ቀንስልን» ብለዋል። በገጽ ስንት ልበላቸው?

በገጽ አትበላቸው። መጀመሪያ 42 ገጹ የሁለቱ ቋንቋ ድምር ይሁን የእያንዳንዱ ጠይቅ፤ ሥራው በእጥፍ የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ጽሑፉ አልቆ እንደሆነ ጠይቅ። ጊዜ የሚበላው ገጽ ማሰናዳቱ ሳይሆን ያላለቀ ጽሑፍ ነው። ፕሮግራም ክፍሉ አንድ ረቂቅ ይልካል፣ ሥራ አስኪያጁ በሳምንቱ ሌላ ይልካል፣ ኦዲት ሲያልቅ ደግሞ ፋይናንስ የተለወጠ ቁጥር ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ዋጋውን በሥራ ዓይነት ለያይተህ ጻፍ፦ ሌይአውት (ገጽ ማሰናዳት)፣ የአማርኛ ጽሑፍ ማጽዳት፣ ግራፍና ሠንጠረዥ፣ ባነር፣ ብሮሸር፣ የማተሚያ ቤት ክትትል። ሁለት ዙር እርማት ዋጋው ውስጥ ይካተት፣ ሦስተኛው በሰዓት ይታሰብ። አስተያየት የሚሰበስበውም የሚፈርመውም አንድ ሰው መሆኑን በጽሑፍ ያዝ። አምስት ሰው በቴሌግራም እየላከ የሚታረም ሪፖርት አያልቅም።

ቅናሽ ማድረግ ከፈለግህ ሙሉውን ዋጋ ጻፍና ቅናሹን ከሥሩ በሌላ መስመር አሳይ፤ አለዚያ የዘንድሮው ቅናሽ የከርሞ መነሻ ዋጋ ይሆንብሃል። «ገንዘብ የለንም» ማለት ብዙ ጊዜ ወጪው ከየትኛው የበጀት ርዕስ እንደሚወጣ ገና አልተወሰነም ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። በዚህ የተነሳ «ዲዛይን» ብቻ የሚል ፕሮፎርማ፣ የአስተዳደር ይሁን የፕሮጀክት ወጪ ስለማይለይ፣ ፋይናንስ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ይተኛል። ብሮሸሩ የአንድ ፕሮጀክት ከሆነ በፕሮጀክቱ ስም ለብቻው ፕሮፎርማ ስጥ፤ ቶሎ ይንቀሳቀሳል። የሚጸናበትን ቀንም ጻፍበት፤ የወረቀት ዋጋ ከምንዛሪው ጋር ይሄዳል።

አሁን ወደ አማርኛው። አብዛኛው ጣጣ ያለው እዚህ ነው።

የቆየ ድርጅት ከሆነ የድሮ ሰነዶቹ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ የተጻፉ ሊሆኑ ይችላሉ። ያ ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) አይደለም፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ፊደሉ የላቲን ዝርክርክ ሆኖ ይታያል። መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን ጽሑፉን በጅምላ ከገለበጥክባቸው እንግሊዝኛውንም ወደ ግዕዝ ፊደል ይቀይሩታል፤ በድሮው አሠራር ሁለቱን የሚለያቸው ፎንቱ ብቻ ነውና። የሰው ስም፣ የኢሜይል አድራሻና ምህጻረ ቃል ያለበትን ሁሉ ከዋናው ጋር አስተያይ። ከአምስት ገጽ በታች ከሆነ እንደገና መተየቡ ይቀላል።

ቀጥሎ ፍለጋና ቅየራ። ብዙ ጸሐፊ አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ይጽፈዋል፤ በስክሪን አንድ ይመስላል፣ መስመር ሲሞላ ግን ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ሁሉንም በትክክለኛው «።» ተካ። ከዚያ የፊደል ወጥነት፦ ዓመትና አመት፣ ሥራና ስራ፣ ኅብረተሰብና ህብረተሰብ። የቱን እንደምትመርጥ ከድርጅቱ ጋር ተስማማና በአንድ ገጽ ዝርዝር ያዝ። የድርጅቱ ስም ግን ምርጫ የለውም፤ በምዝገባ የምስክር ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው ነው፤ «ማኅበር» ከሆነ «ማህበር» አይሆንም።

ለፎንት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ምረጥ፤ ነጻ ነው፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም ብዙ ውፍረት አለው። ኒያላና አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች ቦልድ (ወፍራም ቅርጽ) የላቸውም። ሰው ኒያላን በዎርድ ቦልድ ሲያደርግ ፕሮግራሙ ራሱ ያወፍረዋል፤ ገጽ በሚሰናዳበት ኢንዲዛይን ላይ ደግሞ በስትሮክ፣ ማለትም የፊደሉን ጠርዝ በመስመር ከብበው፣ የሚያወፍሩ አሉ። ሁለቱም የ«ጨ»ንና የ«ቋ»ን ክፍተት ይደፍናሉ፤ በ9 ነጥብ (ፖይንት) መጠን ሲታተም ጠብታ ቀለም ይመስላል። ለሐተታው 10 ነጥብ በ15 ወይም 16 ነጥብ የመስመር ርቀት ይበቃል። የግዕዝ ፊደል እንደ ላቲን ትንሽና ትልቅ ስለሌለው መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገጹ ይጠቁራል። ግራና ቀኝ እኩል ማድረጉን ተወው፤ የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ ቃል የሚከፍል ሰረዝም የለንም፣ በጠባብ ዓምድ ላይ የጥርስ መውለቅ ዓይነት ክፍተት ይፈጠራል።

ዓመተ ምሕረት ላይ ተጠንቀቅ። የ2017 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ከሆነ፣ እንግሊዝኛው ሽፋን ላይ ከጁላይ 8 ቀን 2024 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025 ነው የሚጻፈው። እንግሊዝኛው ላይ 2017 ብቻ ከቀረ ለጋሹ የስምንት ዓመት አሮጌ ሪፖርት የተላከለት ይመስለዋል።

የሕትመቱ ሒሳብ ቀላል ነው። በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ገጹ በ4 መካፈል አለበት፤ 42 አይካፈልም። ከ50 በ70 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ፊትና ጀርባ 8 ኤፎር ገጽ ይወጣል፤ ስለዚህ 40 የውስጥ ገጽ አምስት ወረቀት ሆኖ ያልቃል። ሁለት ገጽ መቀነስ ለአዲስ ፕሌት (ገጹ የሚታተምበት የብረት ሳህን) ከመክፈል ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ የሥራ አስኪያጁን መልእክትና ምስጋናውን ማሳጠር ይበቃል (ማን እንደሚነግራቸው ሌላ ጥያቄ ነው)። ውስጡን 130 ግራም፣ ሽፋኑን 250 ወይም 300 ግራም ከማት ላሚኔሽን (የማያብረቀርቅ የፕላስቲክ ልባስ) ጋር አድርገው። 250 ግራም የማጠፊያ መስመር ሳይሰመርበት ከታጠፈ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ዙሪያውን ተቆርጦ የሚወድቅ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ምስል ተው፤ የአማርኛ ጽሑፍ በሙሉ ጥቁር 100 በመቶ ብቻ፣ ሌላ ቀለም ሳይቀላቀልበት፣ ይሁን። ከዎርድ የመጣ ጥቁር ወደ አራት ቀለም ሲለወጥ ማሽኑ ትንሽ ከተንሸራተተ ፊደሉ ሁለት ጥላ ያወጣል። ለ500 ኮፒ የኦፍሴትም (በፕሌት የሚታተም) የዲጂታልም (ያለ ፕሌት በቀጥታ ከፋይል የሚታተም) ዋጋ ጠይቅ፤ ለ100 ኮፒ ኦፍሴት ጭራሽ አታስበው። የብሮሸሩ ሦስት ገጾች እኩል አይደሉም፦ 100፣ 100፣ እና ወደ ውስጥ የሚታጠፈው 97 ሚሊ ሜትር።

ሮል አፑ 85 በ200 ሳንቲ ሜትር ነው። የታችኛው 10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ማቀፊያው ውስጥ ስለሚገባ፣ በዚያም ላይ አዳራሽ ውስጥ በወንበር ስለሚሸፈን፣ ስልክና ሎጎ እዚያ አታስቀምጥ።

ፎቶ በቴሌግራም «እንደ ፋይል» ይላክልህ። በተራው መንገድ የመጣ ፎቶ ወርዱ ወደ 1280 ፒክስል ተጨምቆ ከሆነ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ከ11 ሳንቲ ሜትር በታች ነው የሚታተመው፤ ለሽፋን አይሆንም። ልጆች ያሉበት ፎቶ ከሆነ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ የጽሑፍ ፈቃድ መኖሩን ጠይቅ፤ ስምን ከፊትና ከቀበሌ ጋር አብረህ አታትም። የሕመም ጉዳይ ከሆነ ከኋላ ወይም እጅ ብቻ የሚያሳይ ምረጥ። እዚህ ላይ ዲዛይነሩ «ፎቶው ተሰጥቶኝ ነው» ማለቱ አያወጣውም።

ለጤና ብሮሸር ቀይ መስቀል ምልክት አትጠቀም፤ በጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ዓርማ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ያለበት ሥራ ከሆነ ዓርማው ቁመቱ ከ1 ሳንቲ ሜትር አያንስ፤ ኮከቦቹ 12 ናቸው፣ ሁሉም አንድ ጫፋቸው ወደ ላይ ነው፤ ሰማያዊው በሕትመት ቀለም ሲያን 100 በመቶ ማጀንታ 80 በመቶ ነው። ገንዘቡ ከኅብረቱ መሆኑን የሚገልጸው ዐረፍተ ነገር ከዓርማው አጠገብ፣ የይዘት ኃላፊነት የድርጅቱ መሆኑን የሚገልጸው ደግሞ በውስጥ ገጽ ይግባ። የሌሎቹን ለጋሾች መመሪያ ከፕሮግራም ክፍሉ ተቀበል፤ ሎጎ ከጎግል አታውርድ።

ጊዜውን ካሁኑ አስብ። ከነሐሴ ጀምሮ ማተሚያ ቤቶች በካላንደርና በአጀንዳ ይያዛሉ፤ በሰኔ የተዘጋ በጀት ሪፖርቱም የሚደርሰው በዚያው ሰሞን ነው። ፒያሳና ካዛንቺስ ብዙ ቦታ ከፈረሰ ወዲህ የምታውቀው ቤት ተዛውሮ ሊሆን ስለሚችል ሳትደውል አትሂድ። ክፍያውን 40 በመቶ ቅድሚያ፣ 40 ዲዛይኑ ሲጸድቅ፣ 20 ፋይሉ ሲረከቡ አድርገው፤ ሁሉንም ከሕትመት በኋላ ካልክ የማተሚያ ቤቱ መዘግየት የአንተ ዕዳ ይሆናል። ማተሚያ ቤቱ ናሙና ሲያወጣ የሚፈርመው ሰው ራሱ መጥቶ ይይ፤ በስልክ ስክሪን ላይ አይጸድቅም። ከናሙናው ላይ የድርጅቱን ስልክ ቁጥር እያነበበ እዚያው ይደውልበት።