ቤንዚን ሲጠፋ ትርፉ የማን ነው? ከባሕር ዳርና ከጣና ዳር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ነዳጅ ማደያ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ፤ ኋላ የገቢና የወጪ መዝገብ ያዝኩ። ባሕር ዳር ላይ ቤንዚን በጠፋ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ አልኩ። እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነጂ ነኝ። ማደያው «የለም» ይለኛል። ትንሽ ራቅ ብዬ ስሄድ መንገድ ዳር በሃይላንድ ተደርድሮ ይሸጣል፤ ዋጋው እጥፍ ነው። ከየት ይመጣል?

ወንድሜ፣ ያው ለማደያ ከተላከው ነው የሚመጣው። እዚህ አገር ቤንዚን የሚያጣራ ፋብሪካ የለም። ተጣርቶ ከውጭ ይገባል፤ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ አድርጎ በቦቴ ተጭኖ ይመጣል። ስለዚህ ሃይላንድ ውስጥ ያየኸው ወይ ከማደያ ፓምፕ ወጥቷል፣ ወይ ማደያ ሳይደርስ ከቦቴ ላይ ተቀንሷል።

ከፓምፕ የሚወጣበት መንገድ ብዙ ነው። ሰው የማይጭኑ፣ ሥራቸው መሰለፍ ብቻ የሆነ ሞተሮችና ባጃጆች አሉ። ሞልተው ይወጣሉ፣ ጓሮ ገብተው በጎማ ይቀዳሉ፣ ተመልሰው ይሰለፋሉ። ይሄ ትንሹ ነው። ትልቁ ማታ መብራት ጠፍቶ በጀሪካን የሚወጣው ነው።

አስበው እስቲ። መንገድ ላይ ያለው ዋጋ ከማደያው በሊትር 50 ብር ይብለጥ እንበል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 1,000 ብር አተረፈ ማለት ነው። 40,000 ሊትር የጫነ ቦቴ ግማሹ ቢንሸራተት 1 ሚሊዮን ብር ነው። ሃይላንድ ይዞ ፀሐይ ላይ የቆመው ልጅ ከዚህ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ፖሊስ ሲመጣ የሚታፈሰው ግን እሱ ነው። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ እቃ ሲጠፋ ዋጋ ይጨምራል፤ የገበያ ሕግ ነው። ነጋዴውን ለምን ሌባ ታደርጉታላችሁ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ሽንኩርት ሲጠፋ ዋጋው ይወደዳል። ውድ መሆኑን የሰማ ነጋዴ ከፎገራም ከሌላም ቦታ ጭኖ ይመጣል። ሸማቹ ይጎዳል፤ ግን የጨመረው ብር ሽንኩርት ያመጣል። ቤንዚን እንዲህ አይደለም። ከውጭ ገዝቶ የሚያስገባው የመንግሥት ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። የማደያ ዋጋውን የሚያወጣው የንግድ ሚኒስቴር ነው። እዚህ ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ሰፈር ላይ አንድ ሊትር በእጥፍ ስለተሸጠ ከጅቡቲ አንዲት ቦቴ ተጨምራ አትነሳም። ያ ብር አንድም ጠብታ አያመጣም።

እንዲያውም ያጠፋል። መንገድ ላይ በእጥፍ የሚሸጥ ከሆነ ማደያው በተመነው ዋጋ ለአንተ ለምን ይቀዳል? ሰልፉ የሚረዝመው እኮ ነዳጅ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ያለው በጓሮ ስለሚወጣም ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ ቦቴ ሲዘገይ እጥረቱ እውነት ነው። ግን 10 ቀን የሚያደርሰው ነዳጅ በሦስት ቀን «አለቀ» ከተባለ መንገዱን አታሳብቡ።

ሌላም አለ። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን በየደረጃው ሲያነሳ የማደያ ዋጋ ደጋግሞ ጨምሯል። «ሊጨምር ነው» የሚል ወሬ በተነፈሰ ቁጥር ፓምፕ ላይ «የለም» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። አዲሱ ዋጋ በታወጀ ማግስት ቦቴ ሳይገባ ቤንዚን ይገኛል። የት ነበር? ታንኩ ውስጥ ነበር። ይሄ ንግድ አይባልም፤ ክዘና ነው። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ከማደያ ውጭ ቤንዚን መቸርቸርም በ2017 ዓ.ም. በወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ በእስራትና በገንዘብ ያስቀጣል።

ጥያቄ፦ ከመንገድ ገዝቼ ሞተሬ መንተፋተፍ ጀመረ። የተቀላቀለ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አንድ ነጭ ወረቀት ያዝ። ጣትህን ነክረህ አንድ ጠብታ ጣልበት። ጥላ ላይ፣ ከእሳት ርቀህ ጠብቅ። ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ይተንና ወረቀቱ እንደነበረ ይሆናል። ላምባ ወይም ናፍጣ ካለበት የቅባት ክብ ይቀራል፤ ወደ ብርሃን ስታነሳው ያሳልፋል። ውኃ ከተጨመረበት ደግሞ ሃይላንዱን አቁመህ ትንሽ ታገሥ። ቤንዚን ከውኃ ስለሚቀል ውኃው ከታች ይተኛል፤ መሐል ላይ መስመር ታያለህ።

የጠርሙሱንም ቂጥ እየው። በሙቀት ወደ ውስጥ የተገፋ አለ። ከላይ እስከ አንገቱ የሞላ ይመስላል፤ ስትሰፍረው ይጎድላል።

ሞተርህ የተቀላቀለውን ከጠጣ ታንኩን አስቀዳው፣ ካርቡሬተሩን አስጠርገው፣ ካንዴላውን አስፈትተህ እይ። ጠቁሮ ጥላሸት ከያዘ አስጠርገው ወይም አስቀይረው።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር በሞተር ፓምፕ አጠጥቼ ሽንኩርት አለማለሁ። ጀሪካን ይዤ ስሄድ ይመልሱኛል። ሰብሌ እየደረቀ ነው፤ ከጥቁር ገበያ ባልገዛ ምን ላድርግ?

አባቴ፣ የእርስዎ ነገር ከሁሉም ያሳዝነኛል። ፓምፑን ተሸክመው ማደያ ሊመጡ አይችሉ! ከቀበሌው ግብርና ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያጽፉ። የፓምፑ ዓይነት፣ የመሬቱ ስፋት፣ በሳምንት የሚፈልጉት ሊትር ይጻፍበት። ለብቻ ከመሄድ ከአጎራባች አልሚዎች ጋር ሆናችሁ በአንድ ደብዳቤ፣ በአንድ መኪና ብትሄዱ ይሻላል። የብዙ ሰው ስም ያለበትን ወረቀት እምቢ ማለት ይከብዳል። ጀሪካን የያዘን ሁሉ ሻጭ አድርጎ መቁጠር ትክክል አይደለም። ኃላፊ ሆኖ ይህን የሚያነብ ካለ ለመስኖ አልሚዎች የተለየ ቀንና ሰዓት ይስጥልን።

ጥያቄ፦ ወደ ዘጌ ሰው የማመላልስበት ጀልባ አለኝ። ላምባ ቀላቅዬ ብነዳስ?

ተው። ሐይቅ መሐል ሞተር ቢጠፋ እንደ ባጃጅ ወርደህ አትገፋውም። ተሳፋሪ አለህ።

ጥያቄ፦ ልጄ ባጃጅ ይነዳል። እጥረቱን ፈርቶ ሁለት ጀሪካን አልጋ ሥር አስቀምጧል። ችግር አለው?

እናቴ፣ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ያስወጡት። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ያወጣል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ይሄዳል። ሌላ ክፍል ቡና ሊያፈሉ የከሰል ምድጃ ቢያቀጣጥሉ እዚያ ይደርሳል። በሩን ከፍተው ያናፍሱ፤ እስኪናፈስ ክብሪት አይጫሩ፣ መብራትም አያብሩ፣ አያጥፉም። ልጅዎ ባጃጁ ውስጥ ይጨምረው፤ የተረፈውን ለሥራ ባልደረባው በገዛበት ይስጥ።

ጥያቄ፦ ከጊዮርጊስ ዓባይ ማዶ የባጃጅ ታሪፍ እጥፍ ሆኗል። ባለ ባጃጆቹስ እየበዘበዙን አይደለም?

እናስላው። ባጃጅ በአንድ ሊትር 25 ኪሎ ሜትር ሄደ እንበል። መንገዱ 4 ኪሎ ሜትር ቢሆን የሚፈጀው 0.16 ሊትር ነው። በሊትር 100 ብር አብልጦ ቢገዛ እንኳ የጨመረበት ወጪ 16 ብር ነው። ለሦስት ተሳፋሪ ሲካፈል ከ5 ብር ትንሽ ይበልጣል። ሰልፍ ላይ ላጠፋው ቀን ትንሽ ቢጨምር ይገባኛል፤ ቤተሰብ አለው። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ግን እሱም በእጥረቱ ላይ እያተረፈ ነው። ስሌቱን ይዛችሁ ተነጋገሩ፤ አብዛኞቹ ይሰማሉ።

ጥያቄ፦ ማደያው እየደበቀ መሆኑን ባውቅ ለማን ልንገር? ደግሞስ ማን ይሰማኛል?

ለከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ፣ ወይም ለክፍለ ከተማህ ንግድ ጽሕፈት ቤት። «ማደያዎች ሌቦች ናቸው» ብለህ ከሄድክ ጠብ የሚል ነገር የለም። ቦቴው የገባበትን ቀንና ሰዓት፣ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ «አልቋል» የተባለበትን ሰዓት ጻፍ። ጀሪካን ሲወጣ ካየህ በየትኛው በር እንደወጣ ጻፍ።

ከዚያ አንድ ነገር ጠይቅ፦ ታንኩ ይለካ። ከመሬት በታች ያለው ታንክ በሴንቲ ሜትር ምልክት ባለው ረጅም ዘንግ ይለካል። ዘንጉ ሲወጣ የረጠበበት ቁጥር ይነበብና ወደ ሊትር ይቀየራል። ፓምፑም ላይ ወደ ዜሮ የማይመለስ ቆጣሪ አለ። ሁለቱ ከገቢ ሰነዱ ጋር ሲመሳከሩ ስንት እንደገባ፣ ስንት በፓምፕ እንደወጣ፣ ስንት እንደቀረ ይታወቃል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክፍያው በቴሌብርና በመሳሰሉት እንዲሆን ስለተደረገ ሽያጩም ዱካ አለው። ኔትወርክ ጠፍቶ በጥሬ ገንዘብ የተሸጠበት ቀን ካለ ያንን ቀን ለይተህ ንገራቸው፤ መዝገቡ መጀመሪያ የሚመረመረው እዚያ ላይ ነው።