የተተወው የኦፓል ዋሻ ውስጥ አትግቡ

ሰላም ወንድሜ። በደላንታ፣ ከወገልጤና ከተማ በታች ገደሉ ላይ ኦፓል የሚባለው የጌጥ ድንጋይ ሲቆፈርበት የነበረ የተተወ ዋሻ እንዳገኛችሁ፣ ውስጡም ብርና እርሳስ አለ ስለተባለ ገብታችሁ ልታዩ እንደሆነ ጽፈሃል። እባካችሁ አትግቡ።

የደላንታ ኦፓል ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ማዕድን) እና ውሃ ነው። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሃል በስስ ንጣፍ ተኝቶ ይገኛል። ብር፣ እርሳስና ዚንክ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሦስቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይወጣሉ። የእርሳሱ ድንጋይ ጋሌና ይባላል። ግራጫ ነው፣ እንደ ብረት ያብረቀርቃል፣ ሲሰበር ኩብ ኩብ ይሆናል። ከተራ ድንጋይ ሦስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ብሩ እዚያው ውስጥ ስለሚደበቅ በዓይን አይታይም። ይህን የሚመስል ድንጋይ ደጅ ላይ ካገኛችሁ ለወረዳው ማዕድን ጽሕፈት ቤት አሳዩ። ቤት ውስጥ ለማቅለጥ አትሞክሩ፤ የእርሳስ ጭስ ሕፃናትን ይመርዛል።

ወደ ዋሻው ልመለስ። ቆፋሪው ንጣፉን ተከትሎ ነው የሚገባው። ከላዩ ያለውን የሚደግፍ ነገር እምብዛም አይተውም። ክረምት ሲያልፍ ጣሪያው ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። ሳይታሰብ ይናዳል። አየሩ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ኦክስጅን ያነሰበት አየር ሽታ የለውም። ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል። ሊያወጣው የገባውም እዚያው ይቀራል። ሻማ ካልጠፋ ደህና ነው የሚሏችሁን አትስሙ።

አሁን የሚያስፈልገው የዋሻውን አፍ በእሾህ ማጠር ነው። ዛሬውኑ አድርጉት። እረኛ ልጆች ዝናብ ሲመጣ ለመጠለል ይገባሉ።