ጮቄ ለመውጣት ላሰባችሁ ልጆች

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ደውሎ «ጋሼ፣ መስከረም ላይ ከጓደኞቼ ጋር ጮቄ ልንወጣ ነው። ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለኝ። «እንደ እግራችሁ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ጥያቄው ግን ሲከነክነኝ አደረ።

ወጣት የመንገድ ቀያሽ ሳለሁ፣ ከደብረ ማርቆስ በላይ ባሉት የጮቄ ጋራዎች አንድ ሽማግሌ መንገድ ይመሩኝ ነበር። አያ ነበር የምላቸው። ጊዜው መስከረም ነው። ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኗል፣ ሣሩ መሃል ማገጡ አብቧል። አያ ትንሽ ሄድ ይሉና ይቆማሉ። ጦስኝ ቀንጥሰው በጣታቸው አሸት አሸት ያደርጉና «እስቲ አሽትተው» ይሉኛል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

የአስታውን ቁጥቋጦ አልፈን፣ ጅብራ የሚባለው የውርጭ አገር ተክል ዘንድ ስንደርስ ክንዴን ይዘው አስቀመጡኝ። ከሰው ቁመት በላይ በወጣ የጅብራ አበባ ላይ አንዲት ትንሽ ጥቁር ወፍ ተለጥፋለች። ዞር ስትልና ፀሐይ ሲያገኛት ሐምራዊ ሆነች። እንደ ማጭድ የቆለመመ ምንቃሯን አበባው ውስጥ ትከታለች፣ ታወጣለች፣ አንድ እርከን ወጣ ብላ እንደገና ትጀምራለች።

«ጅብራ በዕድሜው አንዴ ነው የሚያብብ፤ ከዚያ ይደርቃል» አሉኝ አያ። «ከወንዙ ማዶ ደግሞ ክንፋቸው ሰማያዊ የሆነ ዝይዎች አሉ። ና ላሳይህ፣ ምን ያስቸኩልሃል?»

ታች መኪና ይጠብቀኝ ነበር። «ሌላ ቀን» አልኳቸው። ሥራው ወደ ሌላ ወረዳ ወሰደኝ፣ እሳቸውም አረፉ። ያን ቀን መኪናው ለምን እንደዚያ እንዳጣደፈኝ ዛሬ ፈጽሞ ትዝ አይለኝም። ወፏ ግን እስከ ምንቃሯ ትታየኛለች።

መስከረም ሲነሳ እህቴም ትዝ ትለኛለች። እንግጫ ነቅላ ከአደይ ጋር ትጎነጉንና አባቴ ራስ ላይ ታስርለት ነበር። ኮስታራው አባቴ የሚስቀው ያን ቀን ነው።

እናንተ ስፒከር ተሸክማችሁ ጋራ ትወጣላችሁ። ምን ልትሰሙ ነው? የገበሬ ኑግ ውስጥ ገብታችሁ «አደይ ነው» እያላችሁ ፎቶ የምትነሱትንም አይቻለሁ። ኑግ ዘይት ነው፣ የሰው ጉሮሮ ነው፤ አትርገጡት። ስልካችሁን ቤት ትታችሁ ብትሄዱ ደስ ባለኝ። ኧረ ቆዩ፣ ያዙት እንጂ! ያላወቃችሁትን አበባ አንሱና እዚያው ያለ እረኛ ጠይቁ። እኔ ያኔ ስልክ ቢኖረኝ ኖሮ…

ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ነው። ጨሞጋና ሙጋ ከዚያ ተነስተው ነው ዓባይ የሚገቡት። ገብስና ድንች ሽቅብ እየወጣ የጅብራውን ቦታ እየወሰደው ነው። ገበሬውን አልወቅስም፣ መሬት ጠቦት ነው። ግን ያንገበግበኛል። ቀይ ቀበሮም ድሮ ጎጃም ነበር፤ ዛሬ ማየት የፈለገ ባሌ ወይም ሰሜን ተራራ ይሂድ።

ስለ ጫማና ስለ ውሃ አልነግራችሁም፣ ሕፃን አይደላችሁም። ዱላ ግን ያዙ፤ የእረኛ ውሻ አይምርም። በመስከረም ዝናቡ ገና አልወጣም፣ ደመናውም ከቀትር በኋላ ይከብዳል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ተነሱ። የመልሱን መኪና ደግሞ ለማግስቱ ቅጠሩት።