በኔቫዳ በረሃ የፍየሎቼን ጉረኖ ልዝጋው ወይስ ልክፈተው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ላስ ቬጋስ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቼ ጡረታ ስወጣ ፓህራምፕ ሁለት ኤከር መሬት ገዛሁ፤ አሁን 14 የቦር ፍየሎች አሉኝ። ያደግሁት መንዝ በግ ጥበቃ ላይ ነው፤ በዚህ በረሃ ብርድ ያስቸግረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባለፈው የካቲት ግን ንፋሱ የጉረኖውን ቆርቆሮ ገንጥሎ አጥሩ ላይ ጣለው። ከዚያ በረዶ የተቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ሲነጋ የሦስት ቀን መንታ ግልገሎች ሞተው አገኘሁ። የሚገርመኝ ስልኬ የሚያሳየው 4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነበር፤ ገንዳው ውስጥ ያለው ውኃ እንኳ አልረጋም። ዘንድሮ አምስት ፍየሎች በጥር መጨረሻ ይወልዳሉ። ጉረኖውን ዙሪያውን በሸራ ዘግቼ የማሞቂያ አምፖል ልሰቅልበት አስቤያለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይተካልዎት። አምፖሉን ይተዉት። ሸራውንም ዙሪያውን አያድርጉት። ገንዘብዎን መጀመሪያ ጣሪያው ማሰሪያ ላይ፣ ቀጥሎ ንፋስ መከላከያ አጥር ላይ፣ የተረፈውን ደረቅ ገለባ ላይ ያውሉት። ምክንያቱን ላስረዳዎት።

መንዝ ላይ ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት፣ ንፋሱ ጭጭ ባለበት ሌሊት ነው። የመንዝ በግ ደግሞ በኋላ ባና የሚሠራበትን ጸጉር ራሱ ለብሶት ነው የሚያድረው። በጸጉሩ መሐል የታሰረው አየር ሙቀቱን ይይዝለታል። የእርስዎ ቦር ፍየል ጸጉሩ አጭር ነው፤ ከቆዳው ሥርም እንደ በግ ስብ የለውም። ደረቅ ሆኖ ንፋስ ካልነካው ዜሮ ዲግሪን ያለ ብዙ ችግር ያልፋል። ንፋስ ሲገባበት ያ የታሰረ አየር ይበተናል፤ ሲረጥብ ደግሞ ጭራሹን ይጠፋል። ለሥጋ ከብት የተሠራውን ስሌት ብነግርዎት፣ ደረቅ የክረምት ጸጉር ያለው ከብት ሙቀቱን ለመጠበቅ ተጨማሪ ጉልበት ማቃጠል የሚጀምረው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲደርስ ነው። ቆዳው ከረጠበ ግን 15 ዲግሪ ላይ ይጀምራል! 15 ዲግሪ እኮ ለእኛ ሹራብ የማያስለብስ ነው። ፍየል ከዚህ አይሻልም፤ የሦስት ቀን ግልገልማ ጭራሽ።

ስለዚህ ስልክዎ ላይ ያዩት 4 ዲግሪ እውነት ነው፤ ግን የአየሩ ሙቀት እንጂ የግልገሎቹ አይደለም። በ4 ዲግሪ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ንፋስ ሲጨመር ደረቅ የሰው ቆዳ የሚሰማው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 3 ገደማ ነው። የእርስዎ ግልገሎች ደግሞ ደረቅ አልነበሩም። አገር ቤት ይህን ውሽንፍር እንለዋለን፤ ግልገሎቹን የጨረሰው እሱ ነው። በረጋ ሌሊት ውኃው ቢረጋ ኖሮ ምናልባት ይተርፉ ነበር።

አሁን ደግሞ አገሩን እንየው። ከፓህራምፕ በስተምሥራቅ ያለው የስፕሪንግ ማውንቴንስ ሰንሰለት ማውንት ቻርልስተን ላይ ከ3,600 ሜትር ያልፋል፤ እርስዎ ያሉበት ሸለቆ 800 ሜትር ገደማ ነው። የክረምቱ ማዕበል ከፓስፊክ ተነሥቶ ሲየራ ኔቫዳን ተሻግሮ ሲመጣ አብዛኛውን ዝናቡን እዚያው ተራራ ላይ አራግፎ ነው የሚደርስዎ፤ ንፋሱ ግን አይቀንስም፣ ሸለቆ ለሸለቆ እየተጠበበ እንዲያውም ይፈጥናል። አልፎ አልፎ በረዶውም ቆላ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 2008 ላስ ቬጋስ አውሮፕላን ማረፊያ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ በረዶ ተለክቷል፤ ያኔ ታክሲ ላይ ከነበሩ ያስታውሱታል።

ልብ የሚሉት ግን ቅደም ተከተሉን ነው። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍስ ብርቱ ንፋስ ነው፤ አቧራ ይዞ፣ ለዘብ ያለ ሙቀት ይዞ። ሰው ይዘናጋል። ከዚያ ቀዝቃዛው አየር ሲገባ ንፋሱ ወደ ሰሜንና ሰሜን ምዕራብ ይዞራል፤ ሙቀቱም በሰዓታት ውስጥ ያሽቆለቁላል። ጉረኖዎ እንደ ብዙዎቹ በደቡብ በኩል ክፍት ከሆነ (ፀሐይ ስለሚያስገባ እንዲህ ይመከራል) የመጀመሪያው ንፋስ በቀጥታ በአፉ ገብቶ ጣሪያውን ከሥር ይገፋል፣ ከላይ ደግሞ ይስበዋል። ቆርቆሮዎን ያስነሣው ይህ ይመስለኛል። ሁለተኛው ንፋስ የደረሰው ጣሪያ የሌለው ጉረኖ ላይ ነው። አፉን ወደ ምሥራቅ ወይም ደቡብ ምሥራቅ ማዞር ከቻሉ ያዙሩት፤ ካልቻሉ የደቡብ ምዕራቡን ማዕዘን በጣውላ ይጋርዱት።

ጣሪያውን በተመለከተ አንድ ሒሳብ ልሥራልዎት። ብሔራዊው የአየር ሁኔታ አገልግሎት ሃይ ዊንድ ዋርኒንግ (የብርቱ ንፋስ ማስጠንቀቂያ) የሚያወጣው ንፋሱ ለሰዓት ያህል በ40 ማይል ሲዘልቅ ወይም ሽውታው 58 ማይል (93 ኪሎ ሜትር በሰዓት) ሲደርስ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚመጣ ንፋስ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት 40 ኪሎ ገደማ ነው። የእርስዎ ጉረኖ አራት በአምስት ሜትር ቢሆን ጣሪያው ላይ ከ800 ኪሎ በላይ ኃይል አረፈበት ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን ደግሞ አይርሱ። አገር ቤት እንደለመድነው ቆርቆሮ ላይ ድንጋይና አሮጌ ጎማ መጫን ለዚህ አይበቃም፤ ድንጋዩ ራሱ ፍየሉ ላይ ይወርዳል። ምስማሩን አውጥተው ላስቲክ ቀለበት ያለው የቆርቆሮ ብሎን ይጠቀሙ፣ በተለይ ዳርና ዳሩ ላይ ጠበቅ ጠበቅ አድርገው። ጣሪያውን የተሸከመውን እንጨት ከምሰሶው ጋር በብረት ማሰሪያ ይያዙት። ምሰሶው ደግሞ መሬት ውስጥ ካልተያዘ ጉረኖው እንዳለ ይነሣል። እዚያ አካባቢ ጥቂት እንደቆፈሩ ካሊቼ የሚሉት ሲሚንቶ የመሰለ ንጣፍ ሊያጋጥምዎት ይችላል፤ ዶማ ይመልሳል። እሱን በኪራይ መሰርሰሪያ በስተው ማለፍ ነው እንጂ ከላዩ ላይ መትከል ራስን ማታለል ነው።

ወደ ሸራው ልምጣ። ጉረኖ ዙሪያውን ሲዘጋ የፍየሎቹ ትንፋሽና ሽንት ውስጥ ይቀራል፤ እርጥበቱ ጸጉራቸው ላይ ይወርዳል፣ የሽንቱ ሽታ ሳንባቸውን ያቆስላል። ከማዕበሉ ያተረፏቸውን በሳምንቱ በሳንባ ምች ያጧቸዋል። መሞከር ከፈለጉ ጠዋት ገብተው በጉልበትዎ ይንበርከኩና አፍንጫዎን ፍየሏ በምትተኛበት ከፍታ አድርገው ይተንፍሱ። ዓይንዎን ካቃጠለዎት እሷ ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ ነው ያደረችው። ሦስቱን ወገን በጣውላ ይዝጉ፣ ከጣሪያው ሥር ከመጠለያው ጀርባ በኩል አንድ ስንዝር ክፍተት ይተዉ፤ አየሩ ከላያቸው ያልፋል እንጂ አይነካቸውም። ሸራ ራሱ በዚያ ንፋስ ሌሊቱን ሲገርፍ ያድራል፣ ፍየሎቹን ያሸብራል፣ ሲነጋም ጎረቤት አጥር ላይ ያገኙታል።

ከጉረኖው ውጭ፣ በንፋሱ መምጫ በኩል፣ ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው አጥር ይሥሩ። ድፍን አይሁን! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድፍን ግድግዳ የደረሰበት ንፋስ ዘሎ ከኋላው ይሽከረከራል፤ በረዶና አቧራውንም እዚያው ይከምራል። ከአምስት እጁ አንድ እጁ ክፍት የሆነ አጥር ግን ንፋሱን ያጣራዋል፤ ለምሳሌ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ክፍተት፣ እንደገና ጣውላ። እንዲህ ያለ አጥር ከኋላው የከፍታውን ስምንት አሥር እጥፍ ያህል ያስጠልላል፤ ሁለት ሜትሩ 16 እስከ 20 ሜትር ይሰጥዎታል። የተጣለ ፓሌት በብረት ምሰሶ ላይ በደንብ ታስሮ ቢቆም ሥራውን ይሠራል፣ ወጪውም ትንሽ ነው።

የማሞቂያ አምፖሉን ነገር በጥብቅ የምናገረው ስላየሁት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አርቢ ጠርቶኝ ስደርስ የቀረው አመድና የቆርቆሮ ክምር ነበር፤ አምፖሉ ከተሰቀለበት ገመድ ወርዶ ደረቅ ገለባ ላይ አርፏል። በንፋስ ሌሊት አምፖል ይወዛወዛል፣ ፍየል ደግሞ የተንጠለጠለ ነገር ሳትነካ አታድርም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሙቀት የለመደ ግልገል ድንገት ብርድ ውስጥ ይገባል። ከአምፖሉ ይልቅ ጉልበት ድረስ የሚደርስ ደረቅ ገለባ ይጎዝጉዙ። ለግልገሎቹ በአንድ ጥግ እናቲቱ የማትገባበት ዝቅ ያለ ሣጥን መሳይ ነገር ቢሠሩላቸው ተቃቅፈው ራሳቸውን ያሞቃሉ።

ትልልቆቹ ምድጃቸውን ሆዳቸው ውስጥ ነው የያዙት። ድርቆሽ ጨጓራቸው ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ይሰጣል፤ እህል ይህን ያህል አያደርግም። ስለዚህ ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት ማታ ማታ ለእያንዳንዷ ግማሽ ኪሎ ያህል ድርቆሽ ይጨምሩ። በቆሎና ፉርሽካ ድንገት አያብዙ፤ ሆዳቸው ይነፋል። ውኃው ለብ ያለ ቢሆን በደንብ ይጠጣሉ። በተለይ ሙክቶቹ ውኃ ሲቀንሱና እህል ሲበዛባቸው የሽንት ጠጠር ይይዛቸዋል፤ እያማጠ ጠብ ጠብ ብቻ የሚለውን ካዩ ለሐኪም መደወል የዚያኑ ሰዓት ነው። መብራት ከጠፋ የጉድጓዱ ፓምፕም ይቆማልና ቀድመው በርሜል ይሙሉ።

እርጉዞቹን አምስቱን ለይተው ይዩዋቸው። መንታ ያዘለች ፍየል በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት አንድ ቀን እንኳ ሳትበላ ብትውል ሰውነቷ የራሷን ስብ እያቀለጠ ይመርዛታል። ከመንጋው ተነጥላ አንገቷን ደፍታ ከቆመች፣ ትንፋሿም እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚጣፍጥ ሽታ ካለው፣ ማዕበሉ እስኪያልፍ አይጠብቁ።

በማዕበል ሌሊት ከወለደች መጀመሪያ ግልገሉን በፎጣ አሽተው ያድርቁት፣ ጆሮውን ጭምር፤ ጆሮ ጫፍ በብርድ ደርቆ ይቆረጣል። ከዚያ ጣትዎን አፉ ውስጥ ይክተቱ። አፉ ከቀዘቀዘ ቆፈን ይዞታል። ያኔ እንገር ልስጠው ብለው አይቸኩሉ፤ የቀዘቀዘ ግልገል መዋጥ አይችልም፣ ወተቱ ሳንባው ይገባል። ቴርሞሜትር በፊንጢጣው ያስገቡ፤ ጤነኛው 39 ገደማ ነው፣ ከ37 በታች ከሆነ ቤት አስገብተው በደረቅ ሙቀት ያሙቁት። አንገቱን ቀና ማድረግና መጥባት ሲችል እንገሩን ይስጡት፤ ለሦስት ኪሎ ግልገል መጀመሪያ 150 ሚሊ ሊትር ያህል፣ እስከ ማግስቱ ድረስ 300። ከተወለደ ከአምስት ሰዓት በላይ ሆኖት ከቀዘቀዘ ግን ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ስላለቀ ሲያሞቁት ሊንፈራገጥ ይችላል፤ ሳያሞቁት ለሐኪም ይደውሉ። እንገር ካለፈው ወላድ አልበው በፍሪዘር ቢያስቀምጡ እንዲህ ላለው ሌሊት ነው።

ለሚመጣው ዓመት አውራውን በነሐሴ መጨረሻ አይልቀቁት። ፍየል አምስት ወር ስለምትሸከም በጥቅምት አጋማሽ ቢለቁት መጋቢት አጋማሽ ላይ ትወልዳለች። ንፋሱ በመጋቢትና በሚያዝያም አለ፤ እንዲያውም ይብሳል፤ ብርዱና እርጥበቱ ግን ይቀንሳል።

ለገና ሰሞን ደንበኛ ላስ ቬጋስ ሙክት ሲያደርሱ ሃይ ዊንድ ዋርኒንግ ካለ በ160 መንገድ ላይ ተጎታች ይዘው አይውጡ። ገና እስከ ማግስቱ አይጠብቅም ቢሉኝም፣ ተጎታቹ ከነሙክቱ ይገለበጣል።

ሲያባራ የመጀመሪያው ሥራዎ አጥሩን መዞር ነው። ንፋሱ ፌስታል ያመጣል፣ የቆርቆሮ ምስማር ይበትናል፣ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ኦሊያንደር ነው። ያ በየቤቱ አጥር የሚተከለው፣ ረጅም ቅጠልና ሮዝ ወይም ነጭ አበባ ያለው ቁጥቋጦ። ከጎረቤት ተሰብሮ የገባ ቅርንጫፍ ለፍየል መርዝ ነው፤ የልቧን ምት አዛብቶ በጥቂት ቅጠል ይገድላታል፣ ቢደርቅም መርዙ አይለቅም። ጉረኖ ውስጥ አንድ ቅጠል ካዩ መንጋውን ሳያስወጡ ድርቆሽ አይስጡ፤ የተበላ ከመሰለዎት ምልክት ሳይጠብቁ ሐኪም ይጥሩ። ሲለቅሙ ጓንት ያድርጉ። እንዳያቃጥሉት ደግሞ፤ ጢሱም መርዝ ነው። ከረጢት ውስጥ አሥረው ከቆሻሻው ጋር ያውጡት።